ያላየሁትን የመሰከርኩበት ቀን

ሰው አላምንም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም። ሥጋ ስገዛ ዓይኔን ከሚዛኑ ላይ አልነቅልም። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ የትኛውን መንገድ እንደያዘ በልቤ እከታተላለሁ። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ጤንነቴን አጥብቆ ከጠየቀኝ "ይሄ ምን ፈልጎ ነው?" እላለሁ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ስም "ካሜራው" ነው። በፈተና ሰዓት ሁለት ልጆች ተከታትለው ካስነጠሱ የመልስ ምልክት ነው ብዬ አለያያቸዋለሁ። ታላቅ እህቴ "አንተ እኮ ገነት ብትገባ እንኳ በር ላይ የቆመውን መልአክ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ" ትለኛለች።

እንዲህ ያለው ሰው ልብ ወለድ ልጻፍ ብሎ መነሳቱ እኔንም ይገርመኛል። ምናልባት ይህን ሁሉ ጥርጣሬ የማራግፍበት ቦታ ፈልጌ ይሆናል። ሶዶ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ሰባት ሆነን እንሰበሰባለን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር ይደርሳል። የሚያሠለጥኑን እትዬ መሠረት የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ናቸው። በየሳምንቱ አንድ መልመጃ ይሰጡናል። "ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ጻፉ፤ የተጣሉበትን ምክንያት ግን እንዳትነግሩኝ" ይላሉ። "ዝናብ የሚለውን ቃል ሳትጠሩ አበስብሱኝ" ይላሉ። የጻፍነውን ሰብስበው በቀይ እስክሪብቶ አርመው፣ ከሥሩ ፈርመውና ቀን ጽፈው ይመልሱልናል። ዕድሜ ልካቸውን የተማሪ ደብተር ሲያርሙ ኖረዋልና ሳይፈርሙ መመለስ አይሆንላቸውም።

ያን ሰሞን የሰጡን መልመጃ ይህ ነበር። "የዓይን ምስክር ሁኑ። ያልሆነውን ነገር 'በዓይኔ አይቻለሁ' ብላችሁ ጻፉ። አንብቤ ካላመንኳችሁ ወድቃችኋል።" ደግሞ አንድ ምክር ጨመሩ። "ለመነሻ የምታውቁትን ቤትና የሰማችሁትን ስም ውሰዱ፤ ነገሩ ሕይወት ይኖረዋል። ሲያልቅ ግን ስሙን መቀየር እንዳትረሱ።"

የማስተምረው ሻንቶ ነው። ዘንድሮ ነው የተዛወርኩት። ከሥራ ስወጣ የሶዶው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ የምቀመጥባት ሻይ ቤት አለች፤ ከፊት ለፊቷ ደግሞ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ አለ። ከአጥሩ በላይ የእንሰት ቅጠል ይታያል። ሁለት ወር ሙሉ ያ በር ክፍት ሆኖ አይቼው አላውቅም። ጥቁር የለበሰች ሴት ትወጣለች፣ በሩን ቆልፋ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች፣ ገብታ ከውስጥ ትቀረቅራለች። ቆማ የምታዋራው ሰው የለም። አንድ ቀን ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ "ዘነበች!" ብሎ ሲጠራት ሰማሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ጥቁር ልብስ አለ፣ የተቆለፈ በር አለ፣ ስም አለ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጻፍኩት።

ቅዳሜ እትዬ መሠረት ደብተሬን ሲመልሱልኝ ከሥሩ "እጅግ አሳማኝ ነው። በዚሁ ቀጥል" ብለው ፈርመውበታል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ስም መቀየር የሚባል ነገር ጭራሽ ከአእምሮዬ ጠፋ። ሰኞ ሻይ ቤቷ ውስጥ ተቀምጬ ያቺን ቀይ ጽሑፍ ለአሥረኛ ጊዜ ሳነብ ረዳቱ "ሶዶ አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ብሎ ጮኸ። ተነስቼ ሮጥኩ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ማክሰኞ ባለ ሻይ ቤቷን ስጠይቃት ብርጭቆ እያጠበች ቀና ሳትል "እኔ አላየሁም" አለችኝ። አላመንኳትም። ቀዳድዳ ለስኳር መጠቅለያ አድርጋዋለች ብዬ ጠረጠርኩ። ምነው ባደረገችው!

ረቡዕ ከሰዓት የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ከትምህርት ቤቱ በር ስወጣ ሁለት ሰዎች ጠበቁኝ። አንደኛው በሃምሳዎቹ ያለ፣ ቡናማ ኮት የለበሰ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው።

"መምህር እስራኤል አንተ ነህ?"

"ምነው?"

"ሽማግሌዎች ይፈልጉሃል።"

"ለምን ጉዳይ?"

"ስትደርስ ትሰማለህ።"

ወዲያው ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ተማሪ ፈተና ላይ ዜሮ ሰጥቼ ነበር። ከጎኗ ከተቀመጠው ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ስህተት ሠርታለች። እጅ ከፍንጅ አልያዝኳትም፤ ጠረጠርኩ፣ ጥርጣሬዬ በቃኝ። ይህ ኮት የለበሰው ሰው አባቷ መሆን አለበት አልኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን ማዘጋጀት ጀመርኩ። አንዱ ከፊቴ፣ አንዱ ከኋላዬ ሆነው ነው የሚሄዱት፤ እስረኛ የሚታጀበው እንዲህ ነው። ሁለቱም አያወሩኝም። ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ሶዶ የሚሄድ ሚኒባስ ቆሞ አየሁ። ዘልዬ ብገባስ ብዬ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

የቆሙት አረንጓዴው በር ጋ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። 

ግቢው ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር አምስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በአጥሩ ዙሪያ ሃያ የሚሆኑ ጎረቤቶች ቆመዋል፤ ባለ ሻይ ቤቷ ከእነሱ መሃል ናት፣ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ጥቁር የለበሰችው ሴት ከቤቱ ደጃፍ አጠገብ በርጩማ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። በመሃል የተቀመጡት ሽማግሌ ጉልበታቸው ላይ ደብተሬን ይዘዋል።

"ደብተሬ!" አልኩ ሳላስበው።

"የእሱ መሆኑን አምኗል። ሁላችሁም ሰምታችኋል" አለ ኮት የለበሰው ሰው።

ሽማግሌው ጋሽ ሶርሳ ይባላሉ። በእጃቸው ወንበር አመለከቱኝ። "ሳሮ፣ መምህር። ቁጭ በል" አሉኝ፤ ሳሮ የወላይትኛ ሰላምታ ነው። ወላይትኛ እንደምሰማ ቢያውቁም ደብተሩ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ ይመስለኛል አማርኛ መረጡ። እያረፉ ነገሩኝ። ይህ ቤት የጴጥሮስ ነው። ጴጥሮስ ሦስት ዓመት ታሞ አምና አረፈ። ኮት የለበሰው አንጁሎ የሟች ታላቅ ወንድም ነው። ወንድሜን የገደለችው ሚስቱ ናት፣ ከዚህ ቤት ትውጣ ይላል። እሷ ደግሞ ልጄን ያሳደግኩበት ቤቴ ነው፣ ወዴት እወጣለሁ ትላለች። ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ነገሩን ሰምተዋል። ዛሬ የመጨረሻው ነው።

"አንጁሎ ምስክር አልነበረውም። ልንነሳ ነበር" አሉ ጋሽ ሶርሳ። "ከዚያ ይሄ ደብተር ከሻይ ቤቱ መጣ። እኔ ዓይኔ ደክሟል። ራስህ አንብብልን።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ጋሼ፣ ይህ የእውነት አይደለም፣ መልመጃ ነው" አልኩ።

"አንብብ" አለ አንጁሎ።

ያንን ገጽ ስንት ጊዜ በኩራት እንዳነበብኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ያን ቀን ግን ድምፄ ለራሴም አልሰማ አለኝ። "ጮክ በል" አሉኝ። ጮክ አልኩ።

"የምስክርነት ቃል። እኔ እስራኤል በዓይኔ ያየሁትን እናገራለሁ። ሻንቶ ውስጥ አረንጓዴ በር ያለውን ቤት አውቀዋለሁ። ዘነበች ባሏ ታሞ ሲተኛ በሩን ቆለፈች። ሊጠይቀው የመጣውን ሰው ሁሉ ከደጅ መለሰች። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። በብርጭቆ ውስጥ አንድ ነገር በጥብጣ ራሱን ደግፋ አጠጣችው። በማግስቱ ሞተ። ሰው ሁሉ ሲጮህ እሷ አላለቀሰችም። ፊቷን አይቼዋለሁ። ደስ ብሏት ነበር።"

ደብተሩን ዝቅ አደረግኩ። ከዚያ ከአጥሩ በኩል አንዲት ሴት "እየው! አላልኳችሁም?" አለች። ሌላው ተቀበላት፣ ሌላውም ጨመረበት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራ ጀመር። አንጁሎ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው።

"ጋሽ ሶርሳ፣ ይሄ ሰውዬ ዘንድሮ ነው የመጣው። ለቅሶው ላይ አልነበረም። በዓይኑ ያየ ሰው ካልነገረው አላለቀሰችም የሚለውን ከየት አመጣው?"

ጋሽ ሶርሳ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነቱን ነው፣ መምህር። ዘነበች ባሉ ሲሞት አላለቀሰም። እኛ ሁላችን አይተናል። አንተ እንዴት አወቅህ?" የሳቸው አማርኛ ወንድና ሴትን አይለይም፤ ጥያቄው ግን በደንብ ገባኝ።

በዚያ አገር ለቅሶ ላይ ሚስት ፀጉሯን ነጭታ፣ ደረቷን ደቅታ ካላለቀሰች ነገሩ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ይህን እኔም አውቃለሁ። የጻፍኩትም ለዚሁ ነው፤ አንባቢን ለማስጠርጠር ከዚህ የቀለለ መንገድ አልነበረም። ከራሴ አፍልቄ ነው ብዬ ማልኩ። እንኳን እነሱ፣ እኔም ብሆን እንዲህ ብሎ የሚምልልኝን ሰው አላምነውም ነበር።

"እሺ፣ ይሄስ?" አለ አንጁሎ። ደብተሩን ከእጄ ነጥቆ የእትዬ መሠረትን ቀይ ጽሑፍ ለሽማግሌዎቹ አሳየ። "'እጅግ አሳማኝ ነው' ይላል። ፊርማ አለው። ቀን አለው። ያረጋገጠው ሰው አለ ማለት አይደለም?"

ሽማግሌዎቹ ፊርማውን እየተቀባበሉ አዩት። አንደኛው በጣቱ ዳሰሰው።

"የአስተማሪዬ ፊርማ ነው! ደውዬ ላገናኛችሁ እችላለሁ!" አልኩ። ይህን ባልኩበት ቅጽበት ዳንኩ ብዬ ነበር። ስልኩ ጠራ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት፣ እትዬ መሠረት አነሱት። ገና "እትዬ..." ስል አንጁሎ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። "እንዳታስጠናት" አለኝና ለጋሽ ሶርሳ አቀበላቸው።

"እመቤት፣ ስለ ዘነበች የተጻፈውን አንብበሃል?" አሉ ጋሽ ሶርሳ።

"አዎ፣ አዎ! አንብቤዋለሁ" አሉ እትዬ መሠረት፤ ድምፃቸው በደስታ ሞልቷል። "ተማሪዎቹ ናችሁ እንዴ? እያነበበላችሁ ነው?"

"ሴትየዋ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?"

"እሱማ ግልጽ ነው እኮ! ገድላዋለች። ጎበዝ ጸሐፊ በቀጥታ አይነግራችሁም፤ ብርጭቆው በቂ ነው።"

"እትዬ መሠረት፣ ፈጠራ ነው በሏቸው!" ብዬ ጮህኩ።

"ፈጠራ ነው እንጂ፣ ታዲያ ምንድን ነው?" አሉ ግራ በገባው ድምፅ። ስልኩ ተቋረጠ። ደግሜ ስደውል መስመሩ አልገባም አለ።

"ሰማችሁ? ነገራት፣ ደገመችው" አለ አንጁሎ።

 ዘነበችን በስርቆት አየኋት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። አትጮህም፣ አትምልም፣ አትረግመኝም። ደግሞ አፍሬ ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ በልቤ "አድርጋው ቢሆንስ?" አልኩ። ያላደረገ ሰው እንዲህ ዝም ይላል? ይህን ያልኩት ነገሩን ከጭንቅላቴ ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። እኔ ይህን ካልኩ አጥር ሥር የቆመው ሰው ምን ይበል?

ጋሽ ሶርሳ ደብተሩን ዘግተው ጠየቁኝ። "መምህር፣ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጌ መጻፍ እለማመዳለሁ ነው የምትለን?"

"አዎ ጋሼ።"

"ለምን ይጠቅማል?"

 ስንት ቅዳሜ ስሄድ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

"እንግዲያው እዚሁ ተቀምጠህ ጻፍ" አሉ። "እዚህ ካለነው ስለ አንዱ፣ ያልሆነ ነገር ጻፍ። እውነት ከመሰለን፣ ይሄም ደብተር እንደዚያው ነው እንላለን። ካልቻልክ ግን ያየኸውን ወይ የሰማኸውን ነው የጻፍከው።"

ሰውም "ይጻፍ! ይጻፍ!" አለ። አንጁሎ ሳቅ አለ። "ይጻፍ፣ እኔ ምን ቸገረኝ።"

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። እትዬ መሠረት ሲያለማምዱን አሥር ደቂቃ ነበር የሚሰጡን፤ እኔ አሥር ደቂቃ የፈጀሁ አይመስለኝም። ስለ ማን እንደምጽፍ አልተቸገርኩም። አንጁሎን ቀና ብዬ አየሁት። ጫማው ላይ የሞተር ብስክሌት ጭቃ አለ። እጆቹ ንጹሕ ናቸው። ንዴቴን በእስክሪብቶው አወረድኩት። ስጨርስ ተነስቼ አነበብኩ፤ በዚህኛው ጮክ በል ያለኝ አልነበረም።

"እኔ እስራኤል በዓይኔ ያየሁትን እናገራለሁ። ጴጥሮስ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ወንድሙ አንጁሎ በሞተር መጣ። ፔርሙዝ ይዟል። ከዛፉ ሥር ቆሞ ዘነበች ውኃ ልትቀዳ እስክትወጣ ጠበቀ። ከዚያ ገባ። 'ወንድሜ፣ ትንሽ ቅመስ፣ ጉልበት ይሆንሃል' አለው። ሲወጣ ቤቱን ዙሪያውን አየ፣ አጥሩን በእርምጃ ለካ። ሞተሩን ሳያስነሳ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ።"

ማንም አልሳቀም። ባለ ሻይ ቤቷ ናት መጀመሪያ የተናገረችው። "ፔርሙዙስ እውነት ነው! ቀይ ፔርሙዝ! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእኔ ደጅ ነው ያለፈው!"

"በሞተርም ነበር የመጣው" አለ አንዱ።

"አጥሩንስ ከቀብሩ በኋላ ሲለካ አላየንም?" አለ ሌላው።

ሃያ ሰው ባንድ ጊዜ ዞሮ አንጁሎን አየው።  "አጥሚት ነበር!" አለ። "ሚስቴ የሠራችው አጥሚት! እናንተ ሰዎች፣ አጥሚት ነበር!" የሚሰማው አልነበረም። ቅድም ዘነበችን ሲያይ የነበረው ዓይን ሁሉ አሁን እሱ ላይ ነው፤ ዓይኑ ያው ነው፣ የሚታየው ሰው ብቻ ነው የተለወጠው።

ጋሽ ሶርሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። "መምህር፣ ይሄንንስ አይተሃል?"

እውነቱን ልንገራችሁ። ዝም ማለት አማረኝ። ዝም ብል፣ ወይ "እኔ እንጃ" ብዬ ትከሻዬን ብነቀንቅ ዘነበች ነፃ ናት፣ ቤቱም የእሷ ነው፣ እኔም የሶዶን ሚኒባስ እይዛለሁ። ደግሞ አንጁሎን ጠልቼዋለሁ። ዞር ስል ዘነበች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ምስጋና መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም። እኔን ነበር የፈራችው፣ ከአንጁሎ ይልቅ እኔን።

"አላየሁም" አልኩ። "ሁለቱንም አላየሁም። የታመመ ሰው የሚጠይቅ ሁሉ ፔርሙዝ ይይዛል፤ ስለዚህ ፔርሙዝ ጻፍኩ። ጫማው ላይ ጭቃ አየሁ፣ ሞተር አልኩ። ቤት የሚፈልግ ሰው አጥር ይለካል ብዬ ገመትኩ። እሷም ጥቁር ለብሳለች፤ ባሏ ሞቷል ብዬ ገመትኩ። በሯ ዝግ ነው፤ ክፉ ናት ብዬ ጻፍኩ። እንባ የከለከልኳት እንድትጠረጠርልኝ ነው። ጋሼ፣ እኔ ስለዚህ ቤት የማውቀው የበሩን ቀለም ብቻ ነው።"

 ጋሽ ሶርሳ ወደ አንጁሎ ዞረው በወላይትኛ አናገሩት። ትርጉሙ ይህ ነው፤ "አጥሚቱን እኔ አምንሃለሁ። አሁን የተሰማህን እሷ አንድ ዓመት ተሰምቷታል።" 

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ከእንሰቱ ጀርባ ተመካከሩ። ሲመለሱ ጋሽ ሶርሳ ወደ ዘነበች ዞሩ። "አንድ ነገር ብቻ ንገረን። ለምን አላለቀስክም?"

"እሱን ለእናንተ አልናገርም" አለች። ያን ቀን ከአፏ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቆጣ፤ ጋሽ ሶርሳ ግን እጃቸውን አነሱ። "አትናገር። በዓይኑ ያየ ሰው አልመጣም። ያልታየ ነገር ላይ ሰው ከቤቱ አይወጣም። ቤቱ የዘነበች ነው፣ ነገሩ እዚህ ያልቃል" አሉ። አንጁሎ ኮቱን አስተካክሎ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ማንንም ሳያይ "አጥሚት ነበር" አለ እንደገና።

እኔም ደብተሬን ተቀብዬ ወጣሁ። ዘነበችን ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ እስከ ሶዶ ድረስ ያሰብኩትን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። "ታዲያ ለምን አላለቀሰችም?" እያልኩ ነበር። ይህን ሁሉ ውርደት ካየሁ በኋላ እንኳ ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም።

ይህ ከሆነ መንፈቅ አልፎታል። አንባቢዎቼ፣ ያ ረቡዕ ሌላ ሰው አደረገኝ ብዬ አልቀጥፍላችሁም። ሥጋ ቤት ሚዛኑን ዛሬም አያለሁ። ዜሮ የሰጠኋትን ልጅ ጠርቼ ፈተናውን ለብቻዋ ደግሜ ሰጠኋት፤ ከሃያ አሥራ አንድ አገኘች። ያኔ ኮርጃ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም፤ ካላወቅኩ ደግሞ ዜሮ የመስጠት መብት የለኝም። እኔ ይህን እንድማር አንዲት ሴት ቤቷን ልታጣ መድረሷ ግን ያሳፍረኛል። እትዬ መሠረት ነገሩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ወዲህ ለመነሻም ቢሆን የእውነት ስም እንድንይዝ አይፈቅዱልንም። እናንተም ብዕር የምታነሱ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ስለ ሰው ከመጻፋችሁ በፊት በሩን አንኳኩ።

እኔ ለማንኳኳት አምስት ወር ፈጀብኝ። ይህን ገጠመኝ ጽፌ ስጨርስ ስሞቹን ሁሉ ቀየርኩ፣ የበሩንም ቀለም ቀየርኩ፣ ግን አልበቃኝም። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ወረቀቶቹን ይዤ ሄድኩና በሩን መታሁ። ከፈተች። ማን እንደሆንኩ ስታይ አልዘጋችብኝም፣ ግባም አላለችኝም። ደጃፍ ላይ እንደቆምን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። አንዴም አላቋረጠችኝም።

"ካልፈቀድሽ አሁኑኑ እቀደዋለሁ" አልኳት።

"አትቅደድ። አንድ ነገር ጨምር" አለችኝ።

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በሩን ተደግፋ ቀስ ብላ ተናገረች፤ እንድደርስባት እየጠበቀች።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ያቃስት ነበር። ሰው እንዲያየው አይፈልግም፤ በሩን ዝጊ የሚለኝ እሱ ነው። እኔ፣ እሱ እንዳይሰማኝ፣ ቀን ቀን እንሰቱ ውስጥ ገብቼ አለቅስ ነበር፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ። የሞተ ዕለት ሰው ሁሉ ሲጮህ እኔ ዝም ብዬ አዳምጥ ነበር። ማቃሰቱ ቆሟል። አረፈልኝ አልኩ። ደስ አለኝ።"

እዚህ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋት።

"ጻፈው" አለችኝ። "ደስ አለኝ ብለህ ጻፍ። እንዳትቀይረው።"